ስለ አየር ቱቦ አመራረጥና አጠጋገን

ነፋስ በዓይን የማይታይ፥ በእጅም የማይጨበጥ ነው፤ ሥራው ግን በግልጥ ይታያል። የአገራችን ቀጥቃጮች ይህን ከጥንት ጀምረው ስላወቁ፥ ነፋስን በወናፍ ሰብስበው በሸክላ አፍንጫ ወደ ፍም እየላኩ፥ ብረትን አግለው ማረሻና ማጭድ፥ መጥረቢያና ቢላዋ ሲሠሩ ኖረዋል። ወናፉ ምንም ጥሩ ቢሆን፥ ቆዳው ከተቀደደ ወይም አፍንጫው ከተሰነጠቀ ነፋሱ በመንገድ ይቀራል፤ ነፊው ይደክማል፥ እሳቱም አይበረታም።

ዛሬ በየጋራዡና በየጎማ ጠጋኙ ቤት የሚገኘው ኮምፕሬሰር የተባለው መኪና በጠባዩ የወናፍ ታናሽ ወንድም ነው። እርሱም አየርን ስቦ ይጨምቃል፥ የተጨመቀውን በብረት በርሜል ያከማቻል፥ ከበርሜሉም በቱቦ ወደ ሥራው ይልካል። ስለ መኪናው የሚጨነቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስለ ቱቦው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን የመኪናው ድካም ከንቱ የሚሆነው፥ የሠራተኛውም ዓይንና እጅ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ በቱቦው ምክንያት ነው። ስለዚህ ቱቦ እንዴት እንደሚመረጥ፥ ሲቀደድ እንዴት እንደሚጠገን፥ መቼስ ሊጣል እንደሚገባው ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ይገለጣል።

1. ስለ እንጅባራና ስለ ጎማ ሥራ

እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ከዚሁም ሌላ መንገድ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ ይወርዳል። ጉባ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተሠራበት ወረዳ ነው። የግድቡ መሠረት በመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በዚህ መስቀለኛ ስፍራ የጭነት መኪና እንደ ጅረት ይመላለሳል፤ ከደጋው ድንችና ቀርከሃ፥ ከሰልና እህል ይጫናል፤ ከሌላው አገርም ሲሚንቶና ብረት፥ ጨውና ሸቀጥ ይመጣል።

መኪና ባለበት ሁሉ ጎማ አለ፤ ጎማ ባለበትም አየር ያስፈልጋል። ስለዚህ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፥ በመንገዱ ዳርና ዳር ጎማ የሚጠግኑ ሰዎች ይገኛሉ። ሕዝቡ ጎሚስታ ይላቸዋል፤ ቃሉ ከኢጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፥ ከመነዳሪ የተባለው የጎማው የውስጥ ከረጢት ስምም እንዲሁ ከዚያው ቋንቋ የተወሰደ ነው። ጥበቡ ግን የብዙ አገር ጥበብ ነው፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር የተባለው ሰው በ1839 እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ጥሬውን ጎማ ከድኝ ጋር በእሳት አዋሕዶ እንዲጠነክር አደረገ፤ ከዚያም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ በ1888 በአየር የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ የፈጠራ መብት አስመዘገበ።

ለዚህ ሥራ ብዙ ወጣቶች ከየገጠሩ ወደ ከተማ እየመጡ በተለማማጅነት ይገባሉ። አንዳንዱ ከትምህርት ቤት ገና እንደ ወጣ ነው። ስለዚህ መምህሩ ነገሩን በክፍል ውስጥ ቢያስረዳ፥ ሽማግሌውም ልጁን ለሙያ ከመስጠቱ በፊት የሚያይበትን ቢያውቅ ጥቅሙ ትልቅ ነው።

2. አየር ሲጨመቅ ምን እንደሚሆን

አየር ክብደት አለው። በምድር ላይ ያለው አየር ሁሉ የላዩ የታቹን እየተጫነው ስለሚኖር፥ በዝቅተኛ ስፍራ የወፈረ፥ በከፍተኛ ስፍራ ደግሞ የሳሳ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ይህ ነገር ለጎማ ጠጋኙ ቀላል አይደለም፤ ኮምፕሬሰሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር በመጠን እኩል ቢሆንም፥ በውስጡ የሚገኘው የአየር ብዛት ከአራት አንድ እጅ ያህል ይጐድላልና።

የተጨመቀ አየር የሚለካው ባር በሚባል መለኪያ ነው። 1 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ክብደት መጫን ነው። በብዙ መለኪያዎች ላይ ደግሞ ፒ.ኤስ.አይ. የሚባል ሌላ ቍጥር ይጻፋል፤ 1 ባር 14 ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. ነው። የትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ከ2 እስከ 2 ተኩል ባር ይበቃዋል፤ የትልቅ ጭነት መኪና ጎማ ግን 7 ወይም 8 ባር ይፈልጋል። 8 ባር ማለት የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ስፍራ ላይ የ8 ኪሎ ሸክም ማለት ነው። ይህ ሁሉ ግፊት በቱቦው ግድግዳ ላይ በዙሪያው ያርፋል።

አሁን በምሳሌ እንመልከት። የጭነት መኪና ጎማ በውስጡ 150 ሊትር ይይዛል እንበል፤ ይህንንም እስከ 8 ባር መሙላት ያስፈልጋል። በባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 1200 ሊትር አየር ይበቃል፤ በእንጅባራ ግን አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ወደ 1600 ሊትር መሳብ ግድ ነው። ኮምፕሬሰሩ በደቂቃ 150 ሊትር የሚስብ ቢሆን፥ በባሕር ዳርቻ በ8 ደቂቃ የሚፈጽመውን ሥራ በእንጅባራ በ11 ደቂቃ ገደማ ይፈጽማል። እንግዲህ በቱቦው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ ብትኖር፥ በዚህ ዓይነት ግፊት በደቂቃ ከ60 እስከ 75 ሊትር የሚሆን አየር ታፈሳለች። ይህ የመኪናው ድካም እኩሌታ ያህል ነው፤ የ11 ደቂቃው ሥራም እስከ 20 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይዘገያል። ባለመኪናው ይቈጣል፥ ሞተሩ ይግላል፥ ነዳጁ ወይም የኤሌክትሪኩ ሒሳብ ይበዛል። በቀዳዳ እንስራ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንዲህ ነው፤ መንገዱ ያው፥ ድካሙም ያው ሲሆን፥ ቤት የሚገባው ውኃ ግን ጥቂት ነው።

3. ቱቦ ከምን እንደሚሠራ

ጥሩ የአየር ቱቦ አንድ ወጥ ጎማ አይደለም፤ ሦስት ልብስ ለብሷል። የውስጠኛው ልብስ አየሩን የሚይዝ ልስልስ ጎማ ነው። መካከለኛው ከጠንካራ ክር እንደ መረብ የተጠለፈ ነው። የውጭው ደግሞ ከድንጋይና ከፀሐይ፥ ከዘይትና ከውኃ የሚከላከል ቅርፊት ነው። ብርታቱ ያለው በመካከለኛው ክር ላይ ነው፤ ጎማው ብቻውን ቢሆን በግፊቱ እንደ ፊኛ ያብጥ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ተረት በዚህ በሚገባ ይታያል።

ለአትክልት ማጠጫ የሚሸጠው ቱቦ በመልኩ የአየር ቱቦን ይመስላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ነገር ግን የውኃ ቱቦ ለትንሽ ግፊት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለአየር ሥራ ማዋል አይገባም። ደግሞም ውኃ ተጨምቆ በመጠን እጅግ ስለማያንስ ቱቦው ቢፈነዳ ወዲያው ይበርዳል፤ አየር ግን እንደ ተወጠረ ቀስት ኃይሉን አጠራቅሞ ስለሚኖር፥ ሲለቀቅ በድንገት ይወረወራል።

4. ቱቦ ሲገዛ የሚታዩ አራት ነገሮች

መጀመሪያ የሚታየው በቱቦው ላይ የተጻፈው ቍጥር ነው። የታወቀ አምራች ቱቦው የሚችለውን የሥራ ግፊት በቅርፊቱ ላይ በየሜትሩ ያትማል። 20 ባር ወይም 300 ፒ.ኤስ.አይ. የሚል ከሆነ፥ 8 ባር ለሚሠራ ኮምፕሬሰር በቂና አስተማማኝ ነው። ይኸውም የሥራ ግፊቱ እንጂ የሚፈነዳበት ግፊት አይደለም፤ የሚፈነዳበት ብዙ ጊዜ ከዚህ 3 ወይም 4 እጥፍ እንዲበልጥ ተደርጎ ይሠራል። ሻጩ የሚፈነዳበትን ቍጥር እንደ ሥራ ግፊት አድርጎ ቢናገር ገዥው እንዳይታለል ይጠንቀቅ። ምንም ቍጥር የሌለበት ቱቦ ግን ስሙን የማይናገር እንግዳ ነው፤ በቤት ሊያሳድሩት አይገባም።

ሁለተኛው የቀዳዳው ስፋት ነው። ስፋቱ የሚለካው ከውስጥ እንጂ ከውጭ አይደለም። ለጎማ መንፊያ ብቻ 8 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ የጭነት መኪና ብሎን በአየር ኃይል ለመፍታት ግን 10 ወይም 13 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ቀዳዳው በእኩሌታ ቢጠብ የሚጠፋው ግፊት እጥፍ ይሆናል ብሎ ያስባልና። እንዲህ አይደለም። ያው ብዛት ያለው አየር በእኩሌታ በጠበበ ቱቦ ሲያልፍ የሚጠፋው ግፊት ወደ 32 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ የኮምፕሬሰሩ መለኪያ 8 ባር እያሳየ መፍቻው ደክሞ ሲገኝ፥ ሠራተኛው መኪናውን ከመውቀሱ በፊት ቱቦውን ይመልከት።

ሦስተኛው ርዝመት ነው። በረዘመ ቁጥር ግፊቱ በመንገድ ይቀንሳል፤ ባጠረ ጊዜ ደግሞ ሠራተኛው ቱቦውን እየጐተተ መጋጠሚያውን ይነቅላል። ከኮምፕሬሰሩ እስከ ሥራው ስፍራ ያለውን በእርምጃ ለክቶ፥ ጥቂት ትርፍ ጨምሮ መግዛት ይበቃል። ነገር ግን ጎማ በሚነፋበት ጊዜ ከመቈጣጠሪያው እስከ ጎማው አፍ ያለው ቱቦ ቢያንስ 3 ሜትር ቢሆን ይሻላል፤ የዚህም ምክንያት ከዚህ በታች ይነገራል።

አራተኛው የተሠራበት ዓይነት ነው። ፕላስቲክ የሆነው ቀላልና ርካሽ ነው፤ ዳሩ ግን በብርድ ይደርቃል፥ በሙቀት ይለሰልሳል። እንጅባራ ደጋ ስለ ሆነች በማለዳ የደረቀውን ፕላስቲክ ቱቦ በኃይል የሚዘረጋ ሰው ይሰነጥቀዋል። የጎማ ቱቦ ይከብዳል፥ ዋጋውም ይበዛል፤ ነገር ግን በብርድም በሙቀትም ይታጠፋል፥ ዕድሜውም ይረዝማል። ዘይት በሚፈስበት ጋራዥ ደግሞ ዘይትን የሚችል ተብሎ የተሠራውን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ተራውን ጎማ ዘይት ያሳብጠዋል፥ ያልመዋልም። ከኮምፕሬሰሩ ራስ እስከ በርሜሉ ባለው ስፍራ ግን አየሩ ሲጨመቅ በብርቱ ስለሚግል፥ በዚያ የብረት ወይም የመዳብ ቧንቧ ይሁን እንጂ ተራ ቱቦ አይግባ።

5. የሚፈስሰውን ስለ መመርመር

ትልቅ ቀዳዳ ይጮኻል፤ ትንሿ ግን ዝም ብላ ትሰርቃለች። ስለዚህ ባለሥራው በሳምንት አንድ ቀን፥ ገበያው ጸጥ ባለበት ሰዓት፥ ቱቦውን ይመርምር። ምርመራውም እንዲህ ነው። በርሜሉን ሞልቶ ሞተሩን ያጥፋ፤ አየር የሚጠቀም መሣሪያ ሁሉ ይዘጋ፤ በመለኪያው ላይ ያለውን ቍጥር ይጻፍ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይይ። ቍጥሩ ወርዶ ከተገኘ የሚፈስ ስፍራ አለ ማለት ነው።

ስፍራውን ለማግኘት ሳሙናን በውኃ አሟሙቶ፥ በጨርቅ ወይም በቡሩሽ በመጋጠሚያዎቹና በቱቦው ርዝመት ሁሉ ላይ ይቀባ። አረፋ የሚፈላበት ስፍራ የሚፈስበት ስፍራ ነው፤ በጠመኔ ምልክት ያድርግበት። ብዙውን ጊዜ የሚፈስሰው ከቱቦው መካከል ሳይሆን ከመጋጠሚያው አጠገብ ነው፤ ቱቦው በዚያ ስለሚታጠፍ ክሩ ይደክማልና። ቀዳዳውን በእጅ እየዳበሱ መፈለግ ግን ክልክል ነው። በብርቱ ግፊት የሚወጣ አየር ቆዳን ዘልቆ ወደ ሥጋ ይገባል።

6. ስለ አጠጋገን

በብዙ ስፍራ ቱቦ ሲቀደድ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቈርጠው በቀዳዳው ላይ ጠምጥመው በሽቦ ያስሩታል። ይህ መድኃኒት አይደለም፤ ቁስሉን ሳያጥቡ መሸፈን ነው። የዚህም ምክንያት ግልጥ ነው። አየሩ ከውስጠኛው ልብስ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ፥ በላይ ቢታሰርበት በክሩና በቅርፊቱ መካከል መንገድ እየፈለገ ይሄዳል፤ ቅርፊቱንም አሳብጦ በሌላ ስፍራ ይወጣል። ሽቦው ደግሞ ጎማውን ይበላዋል። ስለዚህ እውነተኛው አጠጋገን የተበላሸውን ቈርጦ ደኅናውን ከደኅናው ጋር ማጋጠም ነው።

ሥራው በሚከተለው ተራ ይፈጸማል።

መጀመሪያ ሞተሩ ይጥፋ፥ የበርሜሉ መዝጊያ ይዘጋ፥ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ይለቀቅ። መለኪያው 0 ሳያሳይ ማንም ቢላዋ አያንሣ።

ሁለተኛ፥ ከተበላሸው ስፍራ በግራም በቀኝም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ፥ ቱቦው ደኅና በሆነበት ላይ በስለታም ቢላዋ ቀጥ አድርጎ ይቍረጥ። አሰያይፎ የተቈረጠ ጫፍ አየር አይይዝም። ከተቈረጠ በኋላ ውስጡ ይታይ፤ ጎማው ከክሩ የተላቀቀ ከሆነ ደኅናው እስኪገኝ ድረስ እንደ ገና ይቈረጥ።

ሦስተኛ፥ ለሁለቱ ጫፎች ማገናኛ የሚሆን ከነሐስ ወይም ከብረት የተሠራ፥ በላዩ ጥርስ ያለው መጋጠሚያ ይፈለግ። ስፋቱ ከቱቦው ውስጥ ስፋት ጋር ትክክል ይሁን፤ ለ10 ሚሊ ሜትር ቱቦ የ10 ሚሊ ሜትር መጋጠሚያ ነው። ቀጭን መጋጠሚያ አግብቶ በማጥበቂያ ብዛት መያዝ አይቻልም። የቀርከሃ ቁራጭ ወይም የእስክሪብቶ ቀፎ በመጋጠሚያ ፈንታ የሚያገባ ሰው ራሱንና ባልንጀራውን ለአደጋ ያዘጋጃል።

አራተኛ፥ ማጥበቂያዎቹ ቀለበቶች አስቀድመው በቱቦው ላይ ይግቡ። ከዚያ የመጋጠሚያው ጥርስ በሳሙና ውኃ ረጥቦ እስከ መጨረሻው ይገፋ። ዘይት መቀባት አይገባም፤ ጎማውን ይጐዳል፥ ከዚያም በኋላ ያንሸራትተዋል። በእሳት ማሞቅም ክሩን ያቃጥላል።

አምስተኛ፥ ማጥበቂያው ከቱቦው ጫፍ ጥቂት ገባ ብሎ በጥርሱ ላይ ይቀመጥና በካቻቢቴ ይጥበቅ። በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ማጥበቂያ ቢሆን፥ ብሎኖቻቸውም በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሆኑ ይበልጥ ይጸናል። ጎማው ትንሽ እስኪጨመቅ ድረስ ይጠበቃል እንጂ እስኪቈረጥ ድረስ አይደለም። የሚጠብቀውን ልክ ማወቅ የባለሙያ ጥበብ ነው።

ስድስተኛ፥ አየሩ በቀስታ ይለቀቅ። በመጀመሪያ እስከ 2 ባር ብቻ ሞልቶ በሳሙና ውኃ ይመርመር። አረፋ ከሌለ ሠራተኛው ከመጋጠሚያው ራቅ ብሎ ቆሞ እስከ ሥራው ግፊት ይሙላ፤ ከዚያም አየሩን ዘግቶ ለቅቆ መጋጠሚያው እንዳልተንሸራተተ ይመልከት። በማግስቱ ማጥበቂያዎቹ ዳግመኛ ይፈተሹ፤ ጎማ ከታሰረ በኋላ ጥቂት ስለሚላላ ነው።

የተቀደደው ስፍራ በጫፍ ከሆነ ግን ሥራው ይቀላል። የተበላሸው ጫፍ ተቈርጦ ያው መጋጠሚያ በደኅናው ላይ ይገባል፤ ቱቦው በአንድ ጋት ያጥራል እንጂ ምንም አይጐድለውም።

7. የማይጠገን ቱቦ

ሁሉ አይጠገንም። ቱቦው በአንድ ስፍራ እንደ እብጠት ተነፍቶ ከታየ፥ ውስጡ ተቀድዶ አየሩ በቅርፊቱ ሥር ገብቷልና በዚያው ቀን ከሥራ ይውጣ። የመካከለኛው ክር ወደ ውጭ ከታየ፥ ቅርፊቱ በርዝመቱ ሁሉ እንደ ደረቀ መሬት ከተሰነጠቀ፥ ወይም በእጅ ሲይዙት የሚጣበቅና የሚላላ ከሆነ፥ ቱቦው አርጅቷል። እንዲሁም በአንድ ቱቦ ላይ ሁለት መጋጠሚያ ካለ ሦስተኛ አይጨመር፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ መንገዱን ያጠብባል፥ አንድ የሚላቀቅ ስፍራም ይጨምራል። አሮጌውን ቱቦ ሰንጥቆ ለአዲሱ ቱቦ መከላከያ ማድረግ፥ በተለይም መኪና በሚያልፍበት ስፍራ ላይ ማልበስ፥ መልካም አገልግሎት ነው።

ዕድሜውን ለማርዘም ደግሞ ቱቦውን ማታ በሰፊው ጠቅልሎ በጥላ መስቀል ያስፈልጋል። በምስማር ላይ ማንጠልጠል ያጥፈዋል፤ በፀሐይ ማዋል ያደርቀዋል፤ በዘይት ላይ መጣል ያሳብጠዋል።

8. ስለ አደጋና ስለ ጥንቃቄ

ስለ ገንዘቡ ብዙ ተነግሯል፤ የሰው አካል ግን ከገንዘብ ይበልጣል። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ 8 ባር ይዞ ከመጋጠሚያው ቢነቀል፥ አየሩ ከ6 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቱቦውም እንደ ተመታ እባብ እየተወራጨ በጫፉ ያለውን ብረት በሰው ፊት ላይ ያላጋዋል። እንዲህ ሲሆን ሩጦ ቱቦውን ለመያዝ መሞከር ስሕተት ነው፤ መሮጥ የሚገባው ወደ በርሜሉ መዝጊያ ነው።

የጭነት መኪና ጎማ በሚነፋበት ጊዜ አደጋው ከሁሉ ይከፋል። ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነና ቀለበቱ በሚገባ ካልተቀመጠ፥ ጎማው ሲሞላ ቀለበቱ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ ሠራተኛው በጎማው ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ርቆ መቆም አለበት፤ ጎማውም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ቢነፋ የተሻለ ነው። ከዚህ በላይ የ3 ሜትር ቱቦ የተባለው ስለዚህ ነው፤ ቱቦው ካጠረ ወጣቱ በጎማው ላይ ጎንበስ ብሎ ለመንፋት ይገደዳል።

በርሜሉም መዘንጋት የለበትም። አየር ሲጨመቅና ሲበርድ እርጥበቱ ውኃ ይሆናል፤ እንደ አዊ ዝናብ በሚበዛበት አገር፥ በተለይም በክረምት፥ ውኃው ብዙ ነው። ማታ ማታ በበርሜሉ ሥር ያለውን መዝጊያ ከፍቶ ካላፈሰሱት ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገ በርሜልም አንድ ቀን ይፈነዳል። ግፊት ሲበዛ በራሱ የሚተነፍሰው የደኅንነት ቫልቭ ቢያፈስስ በአዲስ ይለወጥ እንጂ በፍጹም አይደፈን። የተበሳ በርሜልንም በብየዳ ጠግኖ ወደ ሥራ መመለስ ሞትን በቤት ማኖር ነው።

በመጨረሻም በአየር መጫወት ይከልከል። ልብስን ከአቧራ ለማጥራት ቱቦውን ወደ ገላ ማዞር፥ ባልንጀራን ለማስደንገጥ በጆሮው ወይም በፊቱ ላይ መልቀቅ፥ በወጣቶች ዘንድ እንደ ቀልድ ይታያል። ነገር ግን አየሩ የጆሮን ታምቡር ይቀድዳል፥ በዓይን ብናኝ ይሰካል፥ በቁስልም ገብቶ ከደም ጋር ቢቀላቀል ነፍስ እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

9. ለመምህራንና ለሽማግሌዎች

መምህሩ ይህን ትምህርት ያለ ኮምፕሬሰር ሊያሳይ ይችላል። የብስክሌት መንፊያ አፉን በጣት ደፍኖ ቢገፋ አየር እንደሚጨመቅና እንደሚሞቅ ተማሪው በእጁ ያውቃል። የተበሳ ከመነዳሪ ነፍቶ በሳሙና ውኃ ቢቀባ፥ አረፋው ቀዳዳውን ሲያመለክት ሁሉ ያያል። ከላይ የተነገረውን የ150 ሊትር ጎማ ሒሳብ በሰሌዳ ላይ ጽፎ፥ ለእንጅባራና ለባሕር ዳርቻ እያነጻጸሩ እንዲሠሩ ቢያዝዝ፥ የሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት በአንድነት ይገኛል።

ሽማግሌው ደግሞ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ለጎማ ሥራ በሚያስረክብበት ቀን፥ ስለ ደመወዙ ከመነጋገሩ በፊት ጥቂት ቆም ብሎ ይመልከት። ቱቦው በጨርቅና በሽቦ የተጠመጠመ ነውን? በርሜሉ ከታች ውኃው ይፈስስለታልን? የደኅንነቱ ቫልቭ አልተደፈነምን? ጎማ የሚነፋው ሰው በጎን ይቆማልን? ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ቱቦውን የሚጠብቅ ባለሥራ ሠራተኛውንም ይጠብቃል፤ ስለ አንድ ማጥበቂያ ዋጋ የሚሰስት ግን ስለ ልጁ ዓይን አያስብም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ሜትሩ በጥቂት ብር የሚገዛ ቱቦ በጊዜው ቢለወጥ ብዙ ጉዳት ይቀራል። ቀጥቃጩ ወናፉን ማታ ማታ እየዳበሰ ስፌቱን እንደሚያይ፥ ጎማ ጠጋኙም ቱቦውን እንዲሁ ይመልከት፤ ሥራው ይቀናል፥ ወጣቱም ጧት እንደ ወጣ ማታ በጤና ወደ ቤቱ ይመለሳል።